ጎል ያገባ ታዳጊ በደስታው ይቀጣ? በሰፈር ውድድር ደንብ ላይ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ከዓባይ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የእግር ኳስ ወዳጆች። ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ውስጥ ትምህርት ሲዘጋ በየክረምቱ የታዳጊዎች ውድድር ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ ነኝ። የዘንድሮውን ደንብ በማርቀቅ ላይ ሳለን ኮሚቴያችን በአንድ አንቀጽ ምክንያት ለሁለት ስለተከፈለ፣ ሜዳ ላይ የኖራችሁ ሰዎች የምትሉትን ሳልሰማ ድምፅ መስጠት አልፈለግሁም።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ክረምት በግማሽ ፍጻሜው ከተፈጠረው ጠብ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አንድ አጥቂ የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ። ልጁ ወደ ጓደኞቹ አልሄደም፤ የተጋጣሚው ሰፈር ደጋፊዎች ወደቆሙበት ጥግ ሮጦ ከኖራው መስመር ላይ ቆመና ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው። መጀመሪያ የውሃ ፕላስቲክ ተወረወረ፣ ወዲያው ድንጋይ ተከተለ። ደጋፊው ሜዳ ገባ፣ የመስመር ዳኛው ቅንድቡ ላይ ተፈነከተ፣ ጨዋታውም ሳያልቅ ተበተነ።

ከዚህ በመነሳት ግማሽ ያህሉ የኮሚቴ አባላት ያቀረቡት አንቀጽ፣ ጎል ያገባ ተጫዋች እጁን ከማንሳትና ጓደኛውን ከማቀፍ አልፎ ማናቸውንም ነገር ቢያደርግ ቢጫ ካርድ ይሰጠው የሚል ነው። እስክስታውም፣ መንበርከኩም፣ ማሊያ ማውለቁም በአንድነት ይከልከል ማለታቸው ነው። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ የመስመር ዳኛውን የቅንድብ ደም እኔም በእጄ ይዣለሁ። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ልጆች ጎል ማግባት ማለት የክረምቱ ትልቁ ቀን ነውና፣ ያንን ቀን በካርድ ማስፈራራት ከልቤ አልገባ አለኝ። የጨዋታው ሕግ ምን ይላል? እናንተስ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከፊሽካ

ወንድሜ፣ ዳኝነቱን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሕጉን ማንበብ ግን አልተውኩም። ጥያቄህን በሕጉ ብጀምር ይሻላል፣ ምክንያቱም ኮሚቴያችሁ ሊጽፈው የሚፈልገው ነገር አብዛኛው ቀድሞ ተጽፏል፤ ያልተጻፈው ደግሞ ሆን ተብሎ የተተወ ነው።

የጨዋታ ሕግ ቁጥር 12 ተጫዋቾች ጎል ሲያገቡ ደስታቸውን መግለጽ እንደሚችሉ በግልጽ ይፈቅዳል፤ ከልክ ማለፍ ግን የለበትም ይላል። አስቀድሞ የተጠና የቡድን ትርኢት አይበረታታም፣ ብዙ ጊዜም እንዲበላ አይፈቀድም። ለደስታ ብሎ ከሜዳው መስመር መውጣት ብቻውን ቢጫ አያሰጥም፤ ተጫዋቹ ግን ቶሎ መመለስ አለበት። ቢጫ ግዴታ የሚሆነው በአራት ነገሮች ነው፤ አጥር ላይ መውጣት ወይም ደህንነትን በሚያሰጋ መንገድ ወደ ተመልካች መቅረብ፣ መተንኮስ፣ ማላገጥ ወይም ቁጣ መቀስቀስ፣ ፊትን ወይም ራስን በጭንብል መሸፈን፣ በመጨረሻም ማሊያ ማውለቅ ወይም ራስን በማሊያ መሸፈን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ጎሉ ቢሻር እንኳ ካርዱ አይሻርም፤ የተተነኮሰው ደጋፊ ጎሉ ስለተሰረዘ ብቻ ስድቡን አይረሳምና ይህ ማሻሻያ ትክክል ነው እላለሁ።

እንግዲህ ያንተ ግማሽ ፍጻሜ በዚህ ሚዛን ቢታይ፣ ልጁ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም በአንድ ጊዜ ጥሷል። የጎደላችሁ ደንብ አልነበረም። የጎደለው፣ ዳኛው ልጁ ጣቱን ከከንፈሩ ሳያነሳ ደርሶ ካርዱን ማሳየቱ ነው። ደጋፊ ቢጫዋን በዓይኑ ሲያይ የተበደለው እንደታየለት ያውቃል፣ ብዙውን ጊዜም ድንጋዩን ከማንሳቱ በፊት ይበርዳል። ዳኛ ዘግይቶ ሲመጣ ደጋፊው ራሱ ዳኛ ይሆናል።

ማሊያ ማውለቅን በተመለከተ ብዙ ሰው እንደሚቃወመኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ይህን ክልከላ እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ይህ ካርድ ለዳኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማሊያው ወልቋል ወይስ አልወለቀም ብሎ ማየት እንጂ የተጫዋቹን ልብ መመርመር አይጠይቅም። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ የካሜሩኑ ቪንሰንት አቡበከር በባከነ ሰዓት ብራዚል ላይ በጭንቅላቱ አግብቶ ማሊያውን ሲያወልቅ አንድ ቢጫ ነበረበት። ዳኛው ኢስማኢል ኤልፋት ፈገግ ብለው እጁን ጨበጡት፣ ከዚያም ሁለተኛውን ቢጫና ቀዩን አሳዩት። ካሜሩን 1 ለ 0 አሸንፋ ብራዚልን በዓለም ዋንጫ የረታች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ዳኛው ልጁን አከበረው፣ ሕጉንም አስከበረ። ይህን ያየ ወጣት ዳኛ ካርድ ማሳየት ከጥላቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ይማራል።

መልስ፦ ከግራ ክንፍ

ጋሼ ፊሽካ ያሉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ በመተንኮሱ ላይ አንድ ቃል የምጨምረው የለኝም። በማሊያው ጉዳይ ግን አልስማማም፣ የማልስማማውም የመስመር ተጫዋች ሆኜ ስለኖርኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንድሬስ ኢኒየስታ በ116ኛው ደቂቃ የስፔንን ብቸኛ ጎል አስቆጥሮ ማሊያውን አወለቀ። ከውስጥ በለበሰው ነጭ ካናቴራ ላይ በእጅ የተጻፈው፣ ከዓመት በፊት በልብ ሕመም በድንገት የሞተው የኤስፓኞል አምበል ዳኒ ጃርኬ ምንጊዜም አብሯቸው እንደሆነ የሚናገር ቃል ነበር። ኢኒየስታም ቢጫ ተሰጠው። ካርዱ በሕጉ መሠረት ልክ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ማን ተጎዳ? የተነካ ተጋጣሚ የለም፣ የተሰደበ ደጋፊ የለም፣ የሞተ ጓደኛ ግን ታስቧል። ለዳኛ ስለሚቀል ብቻ ሐዘንንና ስድብን በአንድ ካርድ የሚመዝን ሕግ ለእኔ ሙሉ ሕግ አይደለም።

ስለ እስክስታው ደግሞ አጥብቄ ልናገር። የካሜሩኑ ሮዤ ሚላ እ.ኤ.አ. በ1990 በ38 ዓመቱ ወደ ማዕዘን ባንዲራው ሮጦ ወገቡን እያወዛወዘ ሲጨፍር ዓለም ሁሉ አብሮት ፈገገ እንጂ ማንም ተሰደብኩ አላለም። በ2010 የደቡብ አፍሪካው ሲፊዌ ሻባላላ የመክፈቻውን ጎል አግብቶ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ሲጨፍርም እንዲሁ ነበር። እኛ ሰፈር የማዕዘን ባንዲራው ፌስታል የታሰረበት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ልጁ እዚያ ጋ ደርሶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ መልሶ ትከሻውን ሲሰብቅ እናቶች ከዳር ሆነው እልል ይላሉ። ይህን በቢጫ መቅጣት የሚያስተምረው ነገር የለም። ያው እስክስታ ግን ከወደቀው በረኛ ራስ በላይ ቆሞ ከተመታ ትንኮሳ ነው፣ ቢጫውም ይገባዋል። እንግዲህ ደንባችሁ የሚጠይቀው ምን አደረገ ብሎ ሳይሆን ወደ ማን ዞሮ አደረገው ብሎ ቢሆን እመርጣለሁ።

መልስ፦ ከሚኒሶታ

የባህር ዳር ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር በእጅ የሚያዘው የእነሱ ፉትቦል በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም መንገድ ሄዶ ስለተመለሰ፣ ለኮሚቴያችሁ ይጠቅም ይሆናል።

በእነሱ ጨዋታ ኳሷን ይዞ የመጨረሻው ክልል የገባ ተጫዋች ተችዳውን አስቆጠረ ይባላል፣ 6 ነጥብም ያስገኛል። ከልክ አልፏል የተባለ ደስታ ቡድኑን 15 ያርድ፣ ማለትም ወደ 14 ሜትር ገደማ ያስቀጣዋል። ትልቁ ሊጋቸው ኤን.ኤፍ.ኤል. ደንቡን ደረጃ በደረጃ እያጠበቀ ሄዶ በመጨረሻ በቡድን መጨፈርን፣ መሬት ላይ መተኛትንና በኳሷ መጫወትን ሁሉ ይቀጣ ነበር። ይህ ጥብቅነት ያመጣውን እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 አየነው። የካንሳስ ሲቲው ተከላካይ ሁሴን አብዱላህ ኳስ ነጥቆ ተችዳውን ካስቆጠረ በኋላ በግንባሩ ተደፍቶ ለፈጣሪው ሰገደ፤ ዳኞቹ ቅጣት ጣሉበት። በማግስቱ ሊጉ ተጫዋቹ ሊቀጣ እንደማይገባው አመነ፣ የጸሎት መንበርከክ ቀድሞውንም በደንቡ አልተከለከለም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሊጉ ራሱ ደንቡን አላላው፤ የቡድን ጭፈራም ሆነ በኳሷ መጫወት ተፈቀደ። ተጋጣሚን ማላገጥ፣ ጸያፍ ምልክት ማሳየትና የመሣሪያ ተኩስ ማስመሰል ግን እንደተከለከሉ ቀሩ። በ2021 እንዲያውም ማላገጥ ላይ ዳኞች ይበልጥ እንዲጠነክሩ ታዘዙ።

ከዚህ የምወስደው፣ ደስታን የፈቀደውና ማላገጥን ያጠበቀው ሊግ አንድ ሊግ መሆኑን ነው። እናንተ ሜዳ ላይ የሚያማትቡም በግንባራቸው የሚሰግዱም ልጆች አብረው ይጫወታሉ። “ማናቸውንም ነገር” የሚለው አንቀጻችሁ ሁለቱንም ይቀጣል፤ እባካችሁ እዚያ ውስጥ አትግቡ።

መልስ፦ ከመምህርት

የሴት ታዳጊዎችን ቡድን አሠለጥናለሁ። ሁላችሁም ስለ ተጫዋቹ ብቻ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ሜዳው ልናገር።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2019 ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን በባህር ዳር ስታዲየም 2 ለ 1 ያሸነፈ ዕለት የነበረውን ደስታ የከተማው ሰው አይረሳውም። እዚያ ግን በተመልካቹና በተጫዋቹ መካከል የመሮጫው መም አለ፤ ተጫዋች ቢተነኩስ እንኳ ድንጋይ ወርውሮ ለመምታት ሩቅ ነው። የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም ባህር ዳር ከነማ፣ እና አጼዎቹ፣ ማለትም ፋሲል ከነማ፣ ሲገናኙ፣ ስሜቱ የቱንም ያህል ቢግል፣ ይህ ርቀት ብዙ ክፉ ነገር ይከላከላል። በእኛ የትምህርት ቤት ሜዳ ደጋፊው የሚቆመው ኖራውን በጫማው ጫፍ እየረገጠ ነው። የመስመር ዳኛው የሚሮጠው ሰው እየገፋ ነው። ጎል ያገባች ልጅ ሳታስበው እንኳ ሮጣ ከተጋጣሚ ደጋፊ እቅፍ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።

ስለዚህ ከደንቡ በፊት ገመድ ግዙ። ከመስመሩ ሦስት አራት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ እንጨት ትከሉና ገመዱን ዘርጉበት፤ የሁለቱን ሰፈር ደጋፊዎችም በአንድ ጎን አታቁሙ። አሠልጣኞች ደግሞ ከጨዋታ በፊት ለልጆቹ ደስታችሁን ወደ ራሳችሁ ተቀያሪዎች ውሰዱት ብለው ይንገሯቸው። ልጅ የተነገረውን ይሰማል፤ እኔ ይህን በቡድኔ አይቻለሁ። ድንጋይ ለወረወረው ጎልማሳ ምንም ቅጣት ሳይጻፍ የ15 ዓመት ልጅ እስክስታ ብቻ የሚቀጣበት ደንብ ግን ፍትሕ የለውም። ደጋፊው ሜዳ የገባበት ሰፈር በሚቀጥለው ጨዋታ ያለ ደጋፊ ይጫወት የሚል አንቀጽ ጨምሩ።

መልስ፦ ከዓባይ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ ለእርስዎ በተለይ። ከጻፋችሁት ተነስቼ ለኮሚቴው የማቀርበውን እንዲህ አድርጌ አርቅቄዋለሁ፦ “ጎል ያገባ ተጫዋች ደስታውን በጭፈራ፣ በጸሎት ወይም በመተቃቀፍ መግለጽ ይችላል። ወደ ተጋጣሚ ተጫዋች፣ ተቀያሪ ወይም ደጋፊ ዞሮ በቃልም ሆነ በምልክት የተነኮሰ፣ ወይም ከገመዱ ያለፈ ቢጫ ካርድ ያያል። ማሊያ ማውለቅ በጨዋታው ሕግ መሠረት ያስቀጣል።” ገመዱንና የደጋፊውን ቅጣት ለየብቻ አንቀጽ አድርጌያቸዋለሁ። ማሊያውን በሚመለከት የግራ ክንፍ ወንድሜ ሐሳብ ቢያሳምነኝም፣ ልጆቻችን ነገ ክለብ ሲገቡ የሚጠብቃቸውን ሕግ እዚህ ሳይለምዱት እንዲሄዱ ስላልፈለግሁ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለት ቢጫ በተለያየ ጨዋታ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አይጫወትም የሚል ደንብ አለን። በግማሽ ፍጻሜ በደስታ ብቻ ቢጫ ያየ ልጅ ፍጻሜው ሊያመልጠው ነው?

መልስ፦ ከፊሽካ

ረቂቅህ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ አስተካክል። “ከገመዱ ያለፈ” የሚለውን “ደህንነትን በሚያሰጋ ሁኔታ ከገመዱ ያለፈ” በለው፤ እናቱን ሊያቅፍ ገመዱን የዘለለ ልጅ አለና ዳኛው የሚያመዛዝንበት ቦታ ይኑረው።

ስለ ካርዱ፣ ለደስታ የተሰጠ ቢጫ በጥፋት ከተሰጠ ቢጫ አይለይም፣ እኩል ይቆጠራል፤ ይህን አትለያዩት፣ አለዚያ ዳኛው በየጨዋታው መከራከሪያ ይሆናል። መፍትሔው በውድድሩ ደንብ ውስጥ ነው። በ2010ሩም ሆነ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ የተያዘ አንድ ቢጫ ከሩብ ፍጻሜው በኋላ ይሰረዝ ነበር፤ ስለዚህ በግማሽ ፍጻሜ አንዲት ቢጫ ያየ ተጫዋች ፍጻሜው አላመለጠውም። እናንተም ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ነጠላ ቢጫዎችን ሰርዙ፤ በአንድ ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያየና ቀጥታ ቀይ ያየ ግን ቅጣቱን ይፈጽም። ይህን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለሁሉም አሠልጣኝ በጽሑፍ ስጡና አስፈርሟቸው።