ቢኤምአይ 23.5 ለሕንዳዊ ታካሚ፦ ጤናማ ነው ወይስ ውፍረት?

ተረኛ ነርስ (ለንደን)
ሰላም ለሁላችሁ። ክሊኒካችን ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ የመጡ ታካሚዎች ይበዙበታል። ግድግዳው ላይ ያለው የቆየ ሠንጠረዥ ቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ፣ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ሲካፈል) ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው ይላል፤ የእንግሊዝ መመሪያ ግን ለእነሱ 23 ላይ ያቆማል። ለምሳሌ ዕድሜው 45፣ ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 68 ኪሎ የሆነ ሕንዳዊ ቢመጣ፣ ፊቱና ክንዱ ቀጭን ሆኖ ሳለ ውፍረት አለብህ ልበለው? ልዩነቱስ ከምን መጣ?

ሥነ ምግብ
እህቴ፣ መጀመሪያ እናስላው። 1.70 በ1.70 ሲባዛ 2.89 ነው፤ 68 ለ2.89 ሲካፈል 23.5። መመሪያውን ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2004 የቆየውን ሠንጠረዥ ሳይሽር፣ ለእስያውያን 23ን እና 27.5ን እርምጃ መውሰጃ ነጥብ አድርጎ ጨመረ። እንግሊዝ ውስጥ ለደቡብ እስያ ተወላጆች ከ23 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ27.5 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። የሕንድ ሐኪሞች የ2009 ስምምነት ይብሳል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ከ25 ይጀምረዋል።

ምክንያቱ ይኸውልሽ፦ ቢኤምአይ ስብንና ጡንቻን አይለይም። በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ የደቡብ እስያ ሰው በአማካይ ጡንቻው ያነሰ፣ ስቡ የበዛ ነው፤ ስቡም ሆድ ዕቃ ዙሪያና ጉበት ላይ ይከማቻል። ጉበት ሲሰባ ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም፣ ቆሽት ከአቅሙ በላይ ያመነጫል፣ ሲደክም የደም ስኳር ከፍ ይላል። በ2004 አንድ እንግሊዛዊና አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ራሳቸውን ለክተው ነበር፤ የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3፣ የስባቸው መጠን ግን 9.1 እና 21.2 በመቶ። እንግሊዝ ውስጥ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዞ በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ነጮች 30 ላይ ያለባቸው የስኳር በሽታ ስጋት የደቡብ እስያ ሰው ላይ 23.9 ላይ እንደሚደርስ አሳይቷል። ስለዚህ ቀጭን ክንድ አያዘናጋሽ።

የስኳር ክትትል
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አለካኩ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ላይ ነውና። ያው ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ተለክቶ 1.73 ቢጻፍለት ቢኤምአዩ 22.7 ይሆንና ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝ ግድግዳ ይንካ፣ ዓይን ፊት ለፊት ይይ።

ቀጥሎ ወገብ። ሜትሩ የሱሪ ቀበቶ ላይ አይዞርም፤ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ ሰው በዚያ ቢለካ ብዙ ሴንቲሜትር ይጎድላል። የመጨረሻዋን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንት አናትን በጣት ፈልጊ፣ መሐላቸው ላይ አዙሪ፣ ትንፋሹን እንደወትሮው አውጥቶ ሲጨርስ አንብቢ። ለደቡብ እስያ ሰው ገደቡ ለወንድ 90፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትር ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስም አለበት፦ ቁመቱ 170 ከሆነ ከ85 በታች። ወገቡ 94 ከወጣ ለእኔ ከ23.5 ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ከዚያ ደሙን አስመርምሪ። ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የደም ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) 6.5 በመቶና በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው፤ ምልክት ከሌለው ግን ምርመራው ይደገም። ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን በእነዚህ ገደቦች አትመዝኚ።

ተረኛ ነርስ (ለንደን)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንት ኪሎ ይቀንስ ልበለው? አብዛኞቹ ሥጋ አይበሉም። ለእኛስ ለሐበሾች ይሠራል?

ሥነ ምግብ
በ1.70 ቁመት 23 ማለት 66.5 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ሰው ሁለት ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ዋናው ግን ወገቡ ነው። በሕንድ በተካሄደው የስኳር መከላከል ሙከራ፣ አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያስተካከሉት ክብደታቸው እምብዛም ሳይቀንስ ስጋታቸው በ28.5 በመቶ ወርዷል። ምግብህን ተው አትበይው። ሩዙ ወይም ሮቲው (ቂጣቸው) የሳህኑ ሩብ ይሁን፣ ዳሉ (የእኛው ምስርና ክክ ነው) ሌላው ሩብ፣ ግማሹ አትክልት። ዳሉ ቀጥኖ ሾርባ ከሆነ ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ወፍራም ይሠራ። ጊው (የተነጠረው ቅቤ) በሾርባ ማንኪያ ይለካ፤ አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ናት። ሻዩንም አትርሺ፦ በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 32 ግራም ይሆናል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የጎደለው ግን ጡንቻው ነው።

ስለ እኛ፦ የእንግሊዝ መመሪያ ጥቁር አፍሪካውያንንም በ23 እና በ27.5 ያያል። በ2021ዱ ጥናት ግን ለጥቁሮች አቻው ቁጥር 28.1 ነበር፤ ስለዚህ ስጋታችን ከሕንዳውያን ጋር እኩል ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ሐበሻ ታካሚ ሲመጣ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ካለፈ ደሙን አስመርምሪ፤ ቢኤምአዩ 22 ቢሆንም።