ጥቆማ፦ መጨረሻቸው የሚያምር የጠንቋይና የአስማት አኒሜዎች

ሰሞኑን ሁለት ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተከታትለው ደረሱኝ። አንዲት እናት የአሥር ዓመት ልጃቸው በመጥረጊያ ስለሚበሩ ጠንቋዮች የሚተርኩ አኒሜዎችን (የጃፓን የካርቱን ፊልሞችን) እንደምትወድ ይገልጹና፣ «ጅምሩ ያማረ ብዙ አይተናል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ይበላሻል፤ ፍጻሜው የማያናድድ የትኛው ነው?» ይላሉ። አንድ ወጣት ደግሞ ይህንኑ ለራሱ ይጠይቃል፤ የሚፈልገው ግን ከበድ ያለ ታሪክ ነው። ሥራ በተጀመረ ቁጥር «መጨረሻውን ያሳምረው» ብለን የምንመርቅ ሰዎች ስለሆንን፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የማወዳድረውም በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ብቻ ነው።

ለእናትየው ያለ ማመንታት የምጠቁመው ሊትል ዊች አካዴሚያን ነው። ትሪገር የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ በዮ ዮሺናሪ ዳይሬክተርነት ያዘጋጀው ሲሆን፣ 25 ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ታይቷል። መነሻው ግን በ2013 ወጣት አኒሜተሮችን ለማሠልጠን ታስቦ የተሠራ አጭር ፊልም ነበር። ፊልሙ በጣም ስለተወደደ፣ ስቱዲዮው ለቀጣዩ ሥራ ከተመልካቾች 150,000 ዶላር ቢጠይቅ ከ625,000 ዶላር በላይ ተዋጣለት። ተከታታዩ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ታሪኩ የአኮ ካጋሪ ነው። አኮ ከጠንቋይ ቤተሰብ ያልተወለደች ጃፓናዊት ልጅ ናት። በልጅነቷ ሻይኒ ቻሪዮት የተባለች ጠንቋይ መድረክ ላይ የምታሳየውን ትርኢት አይታ ልቧ ስለተነካ፣ እንደ እርሷ ለመሆን ወደ ሉና ኖቫ ትምህርት ቤት ትገባለች። ችግሩ አስማት አይሆንላትም። ሌላው ቀርቶ ትንሹ ተማሪ የሚችለውን፣ በመጥረጊያ መብረርን እንኳ አትችልም። መጥረጊያውን ይዛ ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ እኛም እንስቃለን። ለሃያ ክፍሎች ያህል ይህ የቀልድ ምንጭ ሆኖ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ መጨረሻውን ልናገር ነው። አውቆ ማየት ደስታውን አይቀንሰውም ብዬ ስለማምን ነው፤ የማይፈልግ ይህንና ቀጣዩን አንቀጽ ይዝለል። ወደ መጨረሻ ሲቃረብ ክሩዋ የተባለችው መምህርት ለአኮ ሁለት ነገር ትነግራታለች። አንደኛ፣ ቻሪዮት ሌላ ሰው ሳትሆን ሁልጊዜ ከጎኗ የነበረችው መምህርቷ ኡርሱላ ናት። ሁለተኛውና የከፋው፣ አኮ መብረር ያልቻለችው በስንፍናዋ አይደለም። ያ በልጅነቷ ያየችው ትርኢት ይሠራ የነበረው ከተመልካቾቹ በሚወሰድ ኃይል ነበር፤ የአኮም ኃይል የተወሰደው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ደስታዋ ውስጥ ነው። ስንስቅበት የኖርነው ውድቀት ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ ያ ምክንያት ደግሞ በዓለም ላይ አብልጣ የምትወዳት ሰው ናት። ከዚህ የተሻለ የታሪክ አወቃቀር በልጆች አኒሜ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ደራሲዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናችን ሥር አስቀምጠውት ነበር።

23ኛው ክፍል ለእኔ የተከታታዩ እውነተኛ ፍጻሜ ነው። አኮ ሁሉን ጥላ ትሄዳለች፤ ፈልጋ የምታገኛትም የትምህርት ቤቱ ኮከብ፣ የታላቅ ቤተሰብ ልጅ፣ ለረጅም ጊዜ ተቀናቃኟ የነበረችው ዳያና ካቬንዲሽ ናት። ዳያናም የራሷን ምስጢር ታወጣለች፤ እርሷም በልጅነቷ ያንኑ ትርኢት አይታ ኃይሏን አጥታ፣ በብዙ ድካም ያስመለሰች ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ግርግር ማለትም ክሩዋ የሰዎችን ቁጣ የምትሰበስብባቸው መሣሪያዎች፣ በእግር ኳስ ምክንያት የተጣሉ ሁለት አገሮች፣ ከቁጥጥር ውጭ የወጣው ሚሳይል፣ ልጆቹ በመጥረጊያ የሚያደርጉት ማሳደድ ያዝናናል፤ ሥዕሉም ዓይን የሚስብ ነው። ነገር ግን ጥድፊያ አለበት። የክሩዋ ንስሐም ርካሽ ሆኖብኛል፤ ያን ሁሉ ጥፋት ያደረሰች ሰው እንዲያ በቀላሉ መታለፏ አላሳመነኝም። የ25ኛውን ክፍል ስስ ጎን የሚክሰው የመጨረሻዋ አጭር ትዕይንት ናት። ዓለምን ካዳኑ በኋላ እንኳ አኮ ድንገት በራሪ ሆና አትገኝም፤ እንደ ማንኛዋም ጀማሪ ተማሪ መጥረጊያዋን ይዛ ስትሞክር ነው የምናያት። ከመሬት የምትነሣውም ጥቂት ብቻ ነው። ቁጥብነት የሌለው ደራሲ ቢሆን ኖሮ ደመና ላይ ያወጣት ነበር።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልብ ይበሉ። ኔትፍሊክስ ይህን ሥራ በሁለት ጊዜ ነው የለቀቀው፤ 13 ክፍሎች በ2017 ሰኔ መጨረሻ፣ የቀሩት 12 ደግሞ በነሐሴ። ስለዚህ 13ኛው ላይ ደርሶ አለቀ ብሎ የሚተወው ሰው አለ፤ ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ከ19ኛው ጀምሮ ያሉትን ሳታቋርጥ ብታያቸው ይመረጣል። የግርጌ ጽሑፍ ፈጥና ማንበብ ካልቻለች የእንግሊዝኛው ድምፅ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አኮን በጃፓንኛ የተጫወተችውን የሜጉሚ ሃንን ድምፅ እመርጣለሁ። ጠንቋይ ሲባል ለሚሰጉ ወላጆች ደግሞ፣ በሉና ኖቫ መተት የሚያሠራና ሰው የሚያስረግም የለም፤ ልጆቹ የሚማሩት ድግምትና በመጥረጊያ መብረር ነው።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ማዶካ ማጊካን እይ። ሻፍት የተባለው ስቱዲዮ በ2011 ያቀረበው ሲሆን 12 ክፍሎች ብቻ ነው ያሉት፤ ደራሲው ጌን ኡሮቡቺ፣ ዳይሬክተሩ አኪዩኪ ሺንቦ ናቸው። እዚህ ጠንቋይ ማለት የምትፈራና የምትታደን ፍጥረት ናት፤ ከርሷ ጋር የሚዋጉት ደግሞ አንድ ምኞታቸው እንዲፈጸም ውል የገቡ ልጃገረዶች ናቸው። የዚህን መጨረሻ በምንም መንገድ አልናገርም፤ ሊትል ዊች አካዴሚያ አስቀድሞ ቢነገርም አይጎዳም፣ ይህኛው ግን ይጎዳል። ይህን ብቻ ልበል፦ ስሟ በርዕሱ ላይ ያለው ልጅ ውሉን ልግባ አልግባ እያለች ውሳኔዋን ታዘገየዋለች፤ ምላሹ ሲመጣ ከዚያ በፊት ያየኸውን ሁሉ መልሶ ያበራዋል። በጃፓን ማርች 11 ቀን 2011 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ስላዘገያቸው፣ በሚያዝያ በአንድ ሌሊት ተከታትለው ነው የታዩት። አንተም ሁለቱን ሳትለያይ እያቸው። በ2013 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ይህን ፍጻሜ እንደገና ስለሚነካካው፣ ቢያንስ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ባይታይ ደስ ይለኛል። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ በሥዕሉ ልስላሴ እንዳትታለሉ።

ትዕግሥት ላለው ሰው ኦጃማጆ ዶሬሚ አለ። ቶኤይ የተባለው ስቱዲዮ ከ1999 እስከ 2003 በአራት ምዕራፎች ያቀረበው ሲሆን፣ በአጠቃላይ 201 ክፍሎች አሉት። የጠንቋይነት ትምህርታቸውን የጨረሱት ልጆች በመጨረሻ ጠንቋይ ለመሆን ይመርጡ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ጠንቋይ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ የምትወዳቸው ሰዎች ግን አይኖሩላትም። በአራተኛው ምዕራፍ 40ኛው ክፍል ላይ ማሞሩ ሆሶዳ የሠራው ታሪክ ይህንን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሣዋል፤ በሰዎች መካከል የምትኖር፣ ብርጭቆ የምትሠራ ጠንቋይ ዶሬሚን ታገኛታለች። ሆሶዳ ኋላ ታዋቂ የፊልም ዳይሬክተር ሆኗል፤ ያንን አንድ ክፍል ብቻ ያየ ሰውም ምክንያቱን ይረዳል። በመጨረሻው ክፍል ዶሬሚ ጓደኞቿን መለየት አቅቷት በምረቃው ዕለት ራሷን ሱቃቸው ውስጥ ትዘጋለች። ይህ ሁሉ ግን ለእንግሊዝኛ ተመልካች አልደረሰም ማለት ይቻላል፤ በ2005 አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ድምፅ የቀረበው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነበር። የተቀረውን በግርጌ ጽሑፍ መከታተል ግድ ነው።

ፍጻሜ የሌለውን እንኳ ማየት የሚፈልግ ካለ ፍላይንግ ዊች ይስማማዋል። ከዮኮሃማ ወደ ሌላዋ የጃፓን ከተማ ወደ ሂሮሳኪ የመጣች የ15 ዓመት ጠንቋይ ኑሮ ነው። 12 ክፍሎች ናቸው፤ ጦርነትም ጠላትም የለም። ሊያልቅ ሲል ሰማይ ላይ ዓሣ ነባሪ ይበራል፤ ከዚያ አለቀ። ያላለቀ ነው ብሎ የሚቆጣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ክፍል ጠባዩን ልብ አላለም።

ዋንደሪንግ ዊች የተባለውን አኒሜ ግን አልጠቁምም። የተጓዧ ጠንቋይ የኢሌይና ጉዞ አንዳንድ ክፍሉ ድንቅ፣ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ጨካኝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከሌሎች ራሶቿ ጋር መገናኘቷ ብልሃት እንጂ ፍጻሜ አይመስልም።

ፍሪረን የተባለው አኒሜስ? ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት አስማተኛ ናት፤ ታሪኳ አላበቃም፤ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ 28ኛው ክፍል ስለ መለያየት በአኒሜ ካየሁት ሁሉ ብልህ ነው። ስንብቱ አጭር ነው፤ ለምን አጭር እንደሆነም ይነግረናል፤ ቢያረዝሙት፣ አንድ ቀን መልሰው ሲገናኙ ያፍሩበታላ።

የት ይታያሉ? ማዶካና ፍሪረን ክራንቺሮል በተባለው የአኒሜ ማሳያ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ይፈለጉ፤ ሊትል ዊች አካዴሚያ ኔትፍሊክስ ላይ። ሁለቱም ዝርዝራቸውን በየአገሩ ስለሚለያዩ፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ አግኝቻለሁ ያለው አዲስ አበባ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ከመክፈል በፊት በራስ ስልክ ስሙን ፈልጎ ማረጋገጥ ይሻላል። ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ኔትፍሊክስ ክፍሎችን ወደ ስልክ አውርዶ ማየት ስለሚያስችል፣ ከ19 እስከ 25 ያሉትን ሌሊት አውርዶ በማግስቱ ማየት ይቻላል።