ሲጋራ ትቼ ቬፕ ስጀምር ድዴ ይደማል፤ ሲጋራው ይሻል ነበር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ዓመት አጭስ ነበር። አሁን ሲጋራውን ትቼ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ላይ ነኝ። ሲጋራ ሳጨስ ድዴ ደምቶ አያውቅም፣ አሁን ግን ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር ደም ነው። ጓደኞቼ «ቬፑ ነው፣ ወደ ሲጋራህ ተመለስ» ይሉኛል። እውነት ነው? ተጨንቄያለሁ።

የጥርስ ሐኪሟ፦ እባክህ ወንድሜ፣ ወደ ሲጋራ እንዳትመለስ! ያኔ ያልደማው ጤነኛ ስለነበርክ ላይሆን ይችላል። ኒኮቲን የድድን ትናንሽ የደም ሥሮች ያጠባል፤ ስለዚህ ድዱ ውስጥ ለውስጥ እየተጎዳም ብዙ አይደማም፣ አይቀላም፣ ሰውየውም ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። አጫሾች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ጥርሳቸው መነቃነቅ ሲጀምር መሆኑ ሁሌም ያሳዝነኛል። የሚያጨስ ሰው ለድድ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ይበልጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ 20 አጫሾች ለሁለት ሳምንት ሲጋራውን በቬፕ ሲተኩ ድዳቸው ይበልጥ ደምቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ካንተ ነገር ጋር ይገጥማል።

ሰሚር፦ ቬፕ እኮ የውሃ ትነት ነው። ኒኮቲን የሌለውን ግዛና ተገላገል።

የጥርስ ሐኪሟ፦ ሰሚር፣ ውሃ አይደለም። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፣ አፍ ያደርቃል። ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ባክቴሪያው ይመቸዋል። «ኒኮቲን የለውም» የሚለውንስ በምን እናምናለን? ኢትዮጵያ ውስጥ ቬፕ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ በድብቅ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያጣራል?

ሄለን፦ እኔም ሲጋራ ያቆምኩ ሰሞን እንዲሁ ደምቶብኝ ነበር። ታርታሩን (ጥርስ ላይ የደነደነውን ቆሻሻ) አስጠረግኩ፣ በየቀኑ በክር አጸዳሁ፣ ቀስ በቀስ ቆመ። የሸሸው ድድ ግን አልተመለሰም፣ ፊት ለፊት ያለው ጥርሴ አሁንም ረዝሞ ይታያል። ቬፑን ጣለው፣ ሺሻም አትጀምር። ጫት ላይ ካልሆንክ ማቆሙ ይቀላል፣ ምርቃና ሲመጣ ሲጋራውን የሚጠራው እሱ ነው።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ግን የጥርስ እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል ሲሉ ሰምቼ ፈርቼ ነው እስካሁን ያልሄድኩት።

የጥርስ ሐኪሟ፦ እጥበት ጤነኛ ጥርስ አያነቃንቅም። ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀድሞ ካለቀ ግን ታርታሩ ክፍተቱን ሞልቶ ጥርሱን ደግፎት ይቆያል፣ ሲነሳ እውነቱ ይወጣል። አጥንቱ በራሱ ተመልሶ አያድግም፣ ያለውን ማቆየት ግን ይቻላል። ስትሄድ በድድና በጥርስህ መሀል ያለውን ጥልቀት እንዲለኩልህ ጠይቅ፤ እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ሊያስፈልግህ ይችላል። ታጨስ እንደነበርና አሁን ቬፕ እንደምትጠቀም ሳትደብቅ ንገራቸው። ደም አየሁ ብለህም መቦረሽ እንዳታቆም፣ ለስላሳ ብሩሽ ያዝና የሚደማውን ቦታ ቀስ ብለህ አጽዳው።