ኤምቢኤ ልጀምር ነው፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከግልና ከውጭ ስኮላርሺፕ የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ቤዛ_ገርጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ ልምድ ያላችሁ አማክሩኝ። አካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት ከአንድ የክፍለ ሀገር የመንግስት ዩኒቨርሲቲ፣ ጂፒኤዬ 3.4 ነው፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ባንክ ነው የምሰራው፣ መጀመሪያ ቅርንጫፍ ላይ ነበርኩ አሁን ዋናው መስሪያ ቤት ክሬዲት ክፍል ነኝ። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መማር ወስኛለሁ ግን የት የሚለው ላይ ተወዛግቤያለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማታ ልማር ወይስ ለቢሮዬ ቅርብ የሆነ የግል ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሁድ ልግባ፣ የስራ ጓደኞቼ ብዙዎቹ እዛ ናቸው ቶሎ ያልቃል ይላሉ። ሌላው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ እዚህ ገንዘብሽን ከምታወጪ ለውጭ ስኮላርሺፕ ሞክሪ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እናቴ ከኔ ጋር ናት፣ የቤት ኪራዩም በኔ ነው፣ ስለዚህ ስራ ለቅቆ መሄድ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ጥያቄዬ፣ አሰሪ የት እንደተማርሽ ያያል ወይስ ዲግሪው ፋይልሽ ውስጥ ካለ በቃ ነው? ውጭ የሚለውስ ለኔ አይነት ሰው ይታሰባል? ኤንጋትስ፣ የማስተርስ መግቢያ ፈተናው፣ እንዴት ነው የሚዘጋጁለት? በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሙሉ_ኤችአር፦
ቤዛ እንኳን ሳትመዘገቢ ጠየቅሽ። እኔ የሰው ሀብት ላይ ነው የምሰራው፣ ብዙ ሲቪ በእጄ ያልፋል ስለዚህ የማየውን ልንገርሽ። የምትፈልጊው እዛው ባንክሽ ውስጥ ዕድገት ከሆነ ማስተርስ ማለት መመዘኛው ላይ ያለች ነጥብ ናት፣ ኮሚቴው አፈጻጸምሽን ያያል አገልግሎትሽን ይደምራል ለትምህርት የተመደበችውን ነጥብ ይሰጥሻል፣ ከየትም ተማሪው ብዙ ጊዜ ነጥቡ ያው ነው። ከዛ ወጥተሽ ሌላ ቦታ ስትወዳደሪ ግን ይለያል፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ኤምቢኤ ያላቸው ናቸው፣ ምን ላይ ነው ቴሲስሽ ብለው ይጀምራሉ፣ የሰው ስራ ኮፒ አድርጎ የጨረሰ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚታወቀው።

ከሁሉ በፊት ግን እውቅናውን አጣሪ። ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አይደለም፣ በየፕሮግራሙ በየደረጃውና በየካምፓሱ ነው። አንዱ ካምፓስ ኤምቢኤ የማስተማር ፈቃድ አለው ማለት ሌላው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም፣ በመደበኛ ተፈቀደ ማለትም በርቀት ተፈቀደ ማለት አይደለም። አንድ ልጅ እኛ ጋ ፈተናውንም ኢንተርቪውንም አልፎ ማስረጃው ለማጣራት ሲላክ የተማረበት ካምፓስ ለዛ ፕሮግራም ፈቃድ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ቆሞ ደግሞ ደጋግሞ አነበበውና "ክፍያውን እኮ በየተርሙ ከፍያለሁ" ነው ያለኝ። ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ ሰጥቶ የተማረ ልጅ ነበር በጣም ያሳዝናል። አሁን ደግሞ ባለስልጣኑ የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ሲመዘግብ ስለነበር አምና የነበረ ፈቃድ ዘንድሮም አለ ብለሽ እንዳትገምቺ። የሬጅስትራሯን ቃል ይዘሽ አትመዝገቢ፣ ፕሮግራሙን ካምፓሱንና የትምህርት ዘዴውን ጠቅሰሽ ራሱን ባለስልጣኑን ጠይቂ።

የሰንጋተራ_ልጅ፦
እኔ በማታ ነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት፣ ቤዛ ከቻልሽ እሱን እመርጥልሻለሁ። ምክንያቴ የዩኒቨርሲቲው ስም አይደለም ክፍል ውስጥ አብረውሽ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው። እኛ ክፍል ከቴሌ፣ ከአየር መንገድ፣ ከባንክ የመጡ ነበሩ፣ አስመጪዎችም ነበሩ፣ አንድ ቀን መምህሩ ስለ ዎርኪንግ ካፒታል (የዕለት ስራ ማንቀሳቀሻ ገንዘብ) እያስተማረ አንዱ አስመጪ ተነስቶ ኤልሲ (ለውጭ ዕቃ ክፍያ ባንክ የሚሰጠው ዋስትና) ለመክፈት ወረፋ ሲጠብቅ ገንዘቡ እንዴት ታስሮ እንደቆየ ቁጥሩን ቦርዱ ላይ ጽፎ አስረዳን። የባንክ ሰዎቹ መልስ ሰጡት እሱም መለሰላቸው፣ መምህሩም ዝም ብሎ አዳመጠ፣ ክላሱ ካለቀ በኋላም ኮሪደር ላይ ቆመን ቀጠልን። እኔ ብድር ሳይ እስካሁን የሱን ስሌት አስበዋለሁ። የግል ውስጥም እንዲህ አይነት ክፍል ሊኖር ይችላል፣ አንድ ቅዳሜ ሄደሽ የሚማሩትን አናግሪ፣ መምህር በሰዓቱ ይገባል ወይ፣ አድቫይዘር ይገኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ኤንጋት ያልሽው፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጣ ሀገር አቀፍ ፈተና ነው፣ የመንግስትም የግልም ማስተርስ ለመግባት ይጠየቃል። በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፣ አካውንቲንግሽን አይጠይቅሽም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን መግቢያ ፈተና (ጋት) ስለሚያወጣ የትኛውን እንደሚቀበል ከፖርታሉ ላይ እይ። ሂሳቡ የ9ኛና 10ኛ ክፍል ነገር ነው፣ ሬሾ ፐርሰንት የቃላት ፕሮብሌም፣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። የጂአርኢ (የውጭ ማስተርስ መግቢያ ፈተና) መለማመጃ ሰርተሽ ግቢ ሰዓት ይዘሽ፣ ከዛ የሚከብድ አይሆንብሽም።

ማታ ከባድ የሚሆነው ትምህርቱ ሳይሆን ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው መንገድ ነው፣ ከገርጂ ሰንጋ ተራ ወይም 6 ኪሎ በዛ ሰዓት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቴሲስ ደግሞ ብዙ ሰው የሚቀርበት ቦታ ነው፣ ኮርስ ጨርሶ ቴሲስ ሳያቀርብ ዓመት የሚያልፍበት አለ። አንቺ ክሬዲት ላይ ስለሆንሽ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረሽ ርዕስሽን አስቢ፣ ከባንክሽ ዳታ ለመጠቀም ደብዳቤ ቶሎ አስፈርሚ፣ እሱ ደብዳቤ ነው ሰውን የሚያቆየው።

ሚኪ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ነው ኤምቢኤ የተማርኩት፣ ከአዲስ ነው ያመለከትኩት። ቤዛ ወንድምሽ ልክ ነው ይታሰባል፣ 3.4 ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ማመልከቻ አትክፈቺ፣ ዛሬ የምትጀምሪው ኮስት ሼሪንግሽን ነው። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ስለተማርሽ የወጪ መጋራቱን ሳትጨርሺ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣልሽም። ባንኩ ከደሞዝሽ ሲቆርጥ ከነበረ ምን ያህል እንደቀረሽ አስወጪ፣ ቀሪውን ባንዴ መክፈል ይቻላል፣ ከገቢዎች ማረጋገጫ ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ሬጅስትራር። ክፍለ ሀገር ስለሆነ በስልክ አያልቅም በአካል ትሄጃለሽ ወይ ውክልና ትሰጫለሽ። ይሄን የሚነግር ሰው ጠፍቶ ተቀባይነት አግኝቶ ዕድሉ ያለፈው ሰው አውቃለሁ። ግን ደግሞ አትደንግጪ፣ ብዙዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ቢዝነስ ስኩሎች ስታመለክቺ ስካን የተደረገ ኮፒ ይበቃቸዋል፣ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉሽ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጂ።

ጂማት፣ የውጭ ቢዝነስ ስኩሎች መግቢያ ፈተናው፣ አሁን አጥሯል፣ ሶስት ክፍል ነው እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው፣ የድሮውን 700 ምናምን ከአዲሱ ጋር አታወዳድሪ ስኬሉ ተቀይሯል። ጂአርኢም ይቀበላሉ፣ ዋጋው 220 ዶላር አካባቢ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ይሄ በብር ስንት እንደሚሆን ለባንክ ሰው አልነግርም፣ በደንብ ሳትዘጋጂ አትቀመጪ ነው የምልሽ።

ሪኮመንዴሽን ላይ ደግሞ ስሚኝ። የኛ ሀገር አለቃ "ጽፈሽ አምጪና እፈርማለሁ" ይላል፣ ጨዋነት ነው የሚመስለው። ውጭ ግን ሊንክ የሚላከው በቀጥታ ለሱ ኢሜይል ነው፣ ራሱ ነው መመለስ ያለበት፣ ትምህርት ቤቶቹም አመልካቹ እንዲጽፈው አይፈቅዱም። ስለዚህ ትልቁን ሃላፊ አትፈልጊ፣ ስራሽን በቅርብ የሚያውቅ አለቃ ፈልጊና አንድ ማኪያቶ ጋብዘሽ የሰራሻቸውን ነገሮች አስታውሺው፣ የትኛውን ፋይል እንደመለስሽ፣ የትኛው ተበዳሪ ላይ ጥያቄ እንዳነሳሽ። "ታታሪና ታማኝ ሰራተኛ ናት" የሚል ደብዳቤ ምንም አይጠቅምሽም።

ገንዘቡን በተመለከተ ስታንፎርድ ለአፍሪካ ዜጎች ፌሎሺፕ አለው፣ በዓመት እስከ 8 ሰው ይወስዳል፣ ትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ከጨረስሽ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተመልሰሽ ቢያንስ ሁለት ዓመት መስራት አለብሽ። ጠባብ በር ነው ግን በሩ አለ። እናትሽን በተመለከተ ከአሜሪካ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም፣ ክፍያው ቢሸፈን እንኳ የሷ ኪራይ በምን እንደሚከፈል ማስላት ያለብሽ ከማመልከትሽ በፊት ነው።

ጽዮን_አካ፦
የተለየ ሀሳብ ልስጥ። አንቺ ክሬዲት ላይ ያለሽ አካውንታንት ነሽ፣ ኤሲሲኤ፣ ዓለም አቀፉን የአካውንታንት የሙያ ማረጋገጫ፣ ለምን አላሰብሽም? 13 ወረቀት ነው፣ ከዲግሪሽ የተወሰነው ነፃ ሊባልልሽ ይችላል፣ ስራሽን ሳትለቂ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ትፈተኛለሽ። የካፒታል ገበያው በ2017 ተከፍቷል፣ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ህጉ ተፈቅዷል፣ ነገ የሚመጣው ቀጣሪ ፋይናንሺያል ስቴትመንት አንብቦ የሚከራከር ሰው ነው የሚፈልገው። ኤምቢኤ ማኔጀር መሆን ለፈለገ ሰው ጥሩ ነው እኔ አልቃወምም፣ ግን ሁሉም ባንክ ውስጥ ኤምቢኤ እየያዘ ስለሆነ ብቻ ተከትሎ መግባት ያስቆጫል።

ቤዛ_ገርጂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ጽዮን ያልሽው ገብቶኛል ግን እኔ ከትንተና ወጥቼ ቅርንጫፍ መምራት ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ ኤምቢኤው ይሻለኛል ብዬ አስባለሁ። የኮስት ሼሪንጉን ነገር ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ነገ ፐርሶኔል ሄጄ እጠይቃለሁ። አንድ ዓመት ብቻ የሚፈጅ የውጭ ፕሮግራም አለ ወይ? አንድ ዓመት ከሆነ እህቴ እናታችንን ልትይዝልኝ ትችላለች፣ ባንኩም ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጠኝ ይሆናል።

ሄኖክ_ሊድስ፦
አለ ቤዛ፣ የእንግሊዝ ኤምቢኤ ብዙው አንድ ዓመት ነው። ቼቭኒንግ፣ የእንግሊዝ መንግስት ስኮላርሺፕ፣ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ አካባቢ ይከፈትና በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። የ2,800 ሰዓት የስራ ልምድ ይጠይቃል እሱን አንቺ አልፈሽዋል፣ ሶስት ኮርስ ትመርጫለሽ፣ ስለ አመራር፣ ስለ ኔትወርክ፣ ለምን እንግሊዝ እንደመረጥሽና ስለ ወደፊት እቅድሽ ትጽፊያለሽ፣ ስትጨርሺ ለሁለት ዓመት ሀገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው እስከ 22,000 ፓውንድ ነው፣ ከዛ በላይ ያለውን ራስሽ ነሽ የምትሸፍኚው፣ ስለዚህ የኮርሱን ክፍያ አይተሽ ምረጪ፣ ዝነኛው ስም ስቦሽ ልዩነቱን የምትከፍይበት አጥተሽ እንዳትቀሪ። ከአፍሪካ ደግሞ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት አለው፣ እሱንም ከዝርዝርሽ ላይ አታውጪው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንም አትተይ፣ ቼቭኒንግ መልስ እስኪሰጥ ብዙ ወር ነው፣ ፈተናሽን ተፈትነሽ አስቀምጪ። ጽሑፎችሽን ስትጽፊ ቅርንጫፍ መምራት ነው የምፈልገው ያልሽውን እንዲሁ ጻፊው፣ የት ከተማ፣ ለምን አይነት ተበዳሪ፣ አሁን ምን እንደጎደላቸው። ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ አነብልሻለሁ።