ጥቆማ፦ የድሮ የሳይክል ጫማ ሶሉን ሳታጥፉ እንዳትገዙ

ሐዋሳ ሳልቫጅ ተራ አልፎ አልፎ የድሮ የውድድር ሳይክል ጫማ ብቅ ይላል። ልግዛው አልግዛው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች ይኸው።

መጀመሪያ ጣቱንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። እንደ ሸራ ጫማ እጥፍ ካለ ይቅርባችሁ። ፔዳሉ አንድ ቦታ እየጫነ እግራችሁን ያደነዝዘዋል። ደረቅ ሶል ያፈጥናል ሲባል ብዙም አይዋጥልኝም። ውስጥ እግርን ማሳረፉ ግን እውነት ነው።

ቀጥሎ ገልብጣችሁ እዩት። ክሊት፣ ማለትም ፔዳሉን የሚነክሰው ቁራጭ፣ የተመታበት የሚስማር ምልክት ካለው በጠፍር ለሚታሰር የድሮ ፔዳል የተሠራ ነው። ሦስት የክሊት ቀዳዳ ካለው የፈረንሳዩ ኩባንያ ሉክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዓይነት ፔዳል ይፈልጋል። ሁለት ከሆነ የጃፓኑ ሺማኖ ኤስፒዲ የሚለው ዓይነት ነው።

የቆዳ ሶል ልቤን ይወስደዋል። እየዋለ እያደረ የእግራችሁን ቅርጽ ይይዛል። ውስጡ ቀጭን ብረት ከሌለው ግን ይልፈሰፈሳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የናይለን ሶል መልክ የለውም፣ ዝናብ ግን አይበግረውም። ለየቀኑ እሱን ውሰዱ። ጣልያኖች የእንጨት ሶልም ሠርተው ነበር፤ ድርቅ ያለ ነው፣ ከተሰነጠቀ ግን አለቀለት። ስፖንጅ የሚመስለውን ሶል በጥፍር ጫን አድርጉት። ሳይለበስ ቁጭ ብሎም እርጥበት ይበላዋል፣ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

ጥገና ላይ ተቃጥያለሁ። አንዱ ጫማ ሰፊ የቆዳ ሶሌን ገንጥሎ ጎማ በማስቲሽ ለጠፈልኝ። ገና ጥቁር ውሃ ላይ አፉን ከፈተ። ሻሸመኔ መሄዱ ቀርቶ ጫማዬን በገመድ ጠፍሬ ተመለስኩ። አሁን ፒያሳ አካባቢ በወስፌ ለሚሰፋ ሰው ብቻ ነው የምሰጠው። «ብረቱን እንዳትነቅለው፣ ቆዳውን ደርበው፣ ክሩን ሰም አስነካው» በሉት። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ክሊቱን ግን ለሳይክል ጠጋኝ ስጡ። ጫማ ሰፊው በዓይኑ ገምቶ ሲመታልኝ ሳምንት ሙሉ ጉልበቴን አሞኛል። ሶሉ ቆዳ ከሆነ መጀመሪያ ያለ ክሊት ከአሞራ ገደል እስከ ታቦር ሥር ደርሳችሁ ተመለሱ። ፔዳሉ ራሱ ቆዳው ላይ መስመር ያወጣል። የክሊቱ ሚስማር የሚመታው ያንን መስመር ተከትሎ ነው።