የጋራ ፕሮፖዛላችን የመረጃ ክፍል፦ የጂኦማግኔቲክ ማዕበሎችና የፀሐይ መነሻቸው

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመሬትን የማግኔት መስክ የሚያናውጡ ማዕበሎችን ከፀሐይ መነሻቸው ጋር የምናያይዝበት ፕሮፖዛላችን የመረጃ ክፍል «ካታሎጎችን እንሰበስባለን» ብሎ ያበቃል፣ የትኞቹን እንደሆነ ግን አይልም። እንዲህ ከላክነው ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የሚይዙን እዚሁ ላይ ነው። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

አንጋፋ አባል፦
አዲስ ካታሎግ እንሥራ የሚለውን እንተወው። መነሻችን ዲኤስቲ ይሁን፣ ማለትም ማዕበል ሲነሳ የመሬት የማግኔት መስክ ምን ያህል እንደተዳከመ የሚያሳየው መለኪያ (ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ማዕበሉ ይበረታል)፤ ኪዮቶ ያለው የመረጃ ማዕከል ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ አስቀምጦታል። ከ-100 ናኖቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ አሃድ) በታች የወረዱትን ማዕበሎች መርጠን ወደ ኋላ እንሂድ፦ መጀመሪያ ኦምኒ በተባለው የሳተላይት ልኬቶች ስብስብ የፀሐይ ነፋሱን (ከፀሐይ የሚፈሰውን የቅንጣቶች ጅረት) ፍጥነትና ነፋሱ የያዘው የማግኔት መስክ ማዕበል ወደሚያስነሳው አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ፣ መዞር አለመዞሩን እናያለን፣ ቀጥሎ ሪቻርድሰንና ኬን የተባሉት ተመራማሪዎች ያዘጋጁትን ዝርዝር እንከፍታለን፣ ምክንያቱም እነሱ ከ1996 ወዲህ መሬት የደረሱትን ሲኤምኢዎች (ከፀሐይ ፈንድተው የሚወጡ ግዙፍ የጋዝና የማግኔት መስክ ደመናዎች) ሶሆ በተባለው መንኮራኩር ላይ ካለው ካሜራ፣ ከላስኮ፣ ምልከታ ጋር አያይዘዋቸዋል። ይህ ሥራ ተሠርቷል፣ አንድገመው።

ሰንጠረዡ ግን ይታሰብበት። የግንቦት 2024ቱን ማዕበል ውሰዱ። ዲኤስቲው ከ-400 በታች ወርዷል፤ ያመጡት ደግሞ 13664 ከተባለው የፀሐይ ነጠብጣብ አካባቢ ተከታትለው ወጥተው መንገድ ላይ የተደራረቡ በርካታ ሲኤምኢዎች ናቸው። አንድ ማዕበል ለአንድ ሲኤምኢ ብለን ከመደብን ትልቁ ማዕበላችን ራሱ አይገባም። ለአንድ ማዕበል ብዙ መነሻ እንፍቀድ፣ ከጎኑም ማያያዣው ምን ያህል እንደሚታመን የሚገልጽ ዓምድ ይኑር።

ተማሪ አባል፦
ጋሼ፣ ባሉት እስማማለሁ። ግን ከኮሮናል ሆል (የፀሐይ ማግኔት መስክ ወደ ጠፈር ከተከፈተበት ስፍራ) የሚወጣው ፈጣን ነፋስ የሚያስነሳቸው ማዕበሎችስ? እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ ብዙዎቹም -100 አይደርሱም፣ ሲጀምሩ ግን ለቀናት ይቆያሉ። ደረጃውን -50 ብናደርገው ይሻላል። ደግሞ ሶሆ በ1998 ለወራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ያኔ ላስኮ ላይ ሲኤምኢ አጣን ማለት አልነበረም ማለት እንዳልሆነ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ።

ከአዲስ አበባ፦
ዋናው ነገር እየተረሳ ነው ጎበዝ። ዲኤስቲ የሚሰላው ከሄርማነስ፣ ከካኪዮካ፣ ከሆኖሉሉና ከሳን ህዋን ጣቢያዎች ነው። ከማግኔታዊው ወገብ እንዲርቁ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፣ እዚያ በቀን በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈሰው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት (ኤሌክትሮጄት) ልኬቱን እንዳያዛባው። እኛ ደግሞ ያ ጅረት ካለበት አካባቢ ነን፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ ከ1958 ጀምሮ ሲመዘግብ ኖሯል። እያንዳንዱ ማዕበል በተነሳበት ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ምን እንደታየ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ይዘን እንቀርባለን። ይህ ተጨማሪ ሳይሆን የፕሮፖዛሉ ርዕስ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

አስተባባሪዋ፦
ርዕሱ ይቀየር፣ ተስማምቻለሁ። ደረጃው -50 ይሁን፣ ከ-100 በታች ያሉት በተለየ ምልክት ይቀመጡ። ጋሼ የሰንጠረዡን ዓምዶች ይጻፉልን። የአዲስ አበባው አባል የጣቢያው መዝገብ የትኞቹ ዓመታት ላይ ክፍተት እንዳለው አጣራልን፤ የጊዜ ወሰኑን የምንቆርጠው ያንን ካየን በኋላ ነው።