ክርክር፦ ዋሽንግተን ስቴት የአሽከርካሪውን የአልኮል ወሰን ወደ 0.05 ታውርድ?

ሠናይት፦ በ2023 እና በ2025 የስቴቱ ምክር ቤት ባለባት ኦሎምፒያ የቀረቡት የሕግ ረቂቆች በአሽከርካሪ ደም ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን ከ0.08 በመቶ ወደ 0.05 በመቶ የሚያወርዱ ናቸው። እኔ ይጽደቅ ባይ ነኝ። ዩታ ይህንኑ ሕግ በ2018 መጨረሻ ሥራ ላይ አውላለች። በተነዳው ማይል ልክ ሲሰላ፣ በ2019 ሰው የሞተበት አደጋ ከ2016 በ19.8 በመቶ ቀነሰ፤ በቀሪው አሜሪካ ግን የቀነሰው 5.6 በመቶ ነው።

ዳዊት፦ ሠናይት፣ ብዙ ሰው የሚገድለው 0.15ን ያለፈው ነው፤ እሱ ዛሬም ወንጀለኛ ነው። መንገድ ላይ የሚቆም በቂ ፖሊስ በሌለበት፣ የደም ናሙና ላብራቶሪ ውስጥ ወራት በሚከርምበት ስቴት ቁጥር ማውረድ ምን ይፈይዳል? ለስደተኛው ደግሞ መዘዙ ይበዛል። በ5 ዓመት ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ዜግነት ሲጠይቅ፣ ተቃራኒውን ካላስረዳ በቀር የመልካም ጠባይ መስፈርቱን እንደማያሟላ ይገመታል።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ 12 አውንስ ባለ 5 በመቶ ቢራ ወይም 5 አውንስ ወይን ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ላይ አንዱ ወደ 0.03 ይጨምራል፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ላይ ከ0.04 ትንሽ ያልፋል። ጉበት በሰዓት የሚያወጣው 0.015 ያህል ብቻ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፈጥነውም። ምግብ ቢበዛ መጠጡ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ቤት የተጣለ ጠጅ ደግሞ ጥንካሬው አይታወቅም። 10 በመቶ ቢሆን፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 24 ግራም አልኮል አለው፤ ወደ ሁለት ቢራ የተጠጋ ነው። ሁለት ብርሌ በላይ በላዩ የጠጣ ባለ 70 ኪሎ ሰው አሁን ያለውን ወሰንም አልፏል።

ሠናይት፦ ጋሽ ተስፋዬ ያሉት ነው ነገሩ። ዳዊት፣ ሕጉ የሚሠራው በእስር ብዛት አይደለም፤ ዩታ ውስጥም እስሩ እንደተፈራው አላሻቀበም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማን እንደሚነዳ እንዲወስን ያደርጋል፣ ይህ ደግሞ 0.15 ሊደርስ የነበረውንም ይነካዋል።

ማርታ፦ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ለሚሠራ ወሰኑ ዛሬም 0.04፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ 0.02 ነው። ሌላም ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ጠጥቶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ መንገድ ዳር ባቆመው መኪና ውስጥ መተኛትም ሊያስከስስ ይችላል።

ዳዊት፦ እንግዲያው ድንበር ማዶ ያሉትን እንይ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2010 ጀምሮ ከ0.05 እስከ 0.08 የተገኘን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ቀን፣ ለሁለተኛ 7፣ ለሦስተኛ 30 ቀን ከመንዳት ታግዳለች። የወንጀል መዝገብ አይከፈትበትም። ረቂቁ እንዲህ ቢሆን እደግፋለሁ፤ ከ0.05 ጀምሮ ወንጀል ይሁን ከተባለ ግን አልስማማም።

ማርታ፦ መንገዱ እዚህም አለ። በትንፋሽ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ 0.08 እና በላይ የተገኘበትን ሰው ከፍርድ ቤት ውጪ ለ90 ቀን መንጃ ፈቃዱን የሚያግደው የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ እገዳውን ተቃውሞ ጉዳዩ እንዲሰማለት ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 7 ቀን ነው። ከ0.05 እስከ 0.08 ያለውን እዚያው ሥር በአጭር እገዳ ማስገባት ይቻላል። ለሕዝብ እንደራሴዎቻችሁ ስትጽፉ ይህንኑ በስም ጥቀሱ።